ገራም ብረት፦ ለስላሳ መግነጢሳዊ ቁሶችና በኢንዱስትሪ የሚሰጡት አገልግሎት



በኮልፌ ቀራኒዮ ምሽቱ ገፍቶ፣ የታክሲው ጥሩምባና የገበያው ግርግር ጸጥ ባለ ጊዜ፣ በምሰሶ ላይ ከተሰቀለ ትራንስፎርመር ሥር የሚያልፍ ሰው እምም የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማል። አላፊ አግዳሚው ብዙውን ጊዜ ይህን «የኮረንቲው ድምፅ» ይለዋል። ነገር ግን ድምፁን የሚያሰማው በአብዛኛው ብረቱ ነው። በትራንስፎርመሩ ሆድ ውስጥ ተነባብረው የታሰሩት ስስ የብረት ላሜራዎች መግነጢስ ባደረባቸውና በለቀቃቸው ቁጥር፣ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣሉ፤ ይኮማተራሉም። የአገሪቱ ኮረንቲ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚመላለስ፣ ብረቱም በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚሳብ፣ ድምፁ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ይሆናል።

ሰው ተኝቶ፣ ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ብረቱ ግን አይተኛም። ለዚህም ትጋቱ ደመወዝ ይቀበላል፤ ደመወዙም ከግድብ የመነጨ፣ ብዙ ገንዘብና ድካም የወጣበት ኤሌክትሪክ ነው። የዚህ ንግግር ዐላማ ይህ ብረት ምን ዓይነት ብረት እንደ ሆነ፣ በኢንዱስትሪ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ለሥራው የሚቀበለውን ደመወዝም በግዥና በጥገና ጥንቃቄ ለመቀነስ እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

ለስላሳ ማለት ምን ማለት ነው?

«ለስላሳ» የሚለው ቃል በዚህ ስፍራ ለመዳሰስ የሚመች ወይም በቢላዋ የሚቆረጥ ማለት አይደለም። መግነጢሳዊ ቁሶች በጠባያቸው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን መግነጢስ አንድ ጊዜ ካደረበት በኋላ አልለቅም የሚል ነው። ይህ ቋሚ ማግኔት የሚባለው ሲሆን በድምፅ ማጉያ ውስጥና በማቀዝቀዣ በር ላይ የሚገኘው እርሱ ነው። ሁለተኛው ወገን በዙሪያው በተጠቀለለው ሽቦ ኮረንቲ ሲያልፍ ወዲያው ማግኔት ይሆናል፤ ኮረንቲው ሲቆም መግነጢሱን ይለቃል፤ ኮረንቲው አቅጣጫውን ሲለውጥም አብሮት ይዞራል። ለስላሳ መግነጢሳዊ ቁስ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት የገበሬውን ጥማድ ማስታወስ ይበቃል። ገበሬ አንዱን ፈር ሲጨርስ በሬዎቹን ያዞራል። ገራሙ በሬ በአንድ ቃል ይዞራል፤ እምቢተኛው ግን ጅራፍና ጉልበት ይጠይቃል። ማሳው በሁለቱም እኩል ቢታረስም፣ በእምቢተኛ በሬ የዋለው ገበሬ ማታ ደክሞ ይገባል። የብረትም ነገር እንዲሁ ነው። በብረት ውስጥ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አቅጣጫ የተሰለፉ ጥቃቅን መግነጢሳዊ ቀጠናዎች አሉ። ኮረንቲው በተገላበጠ ቁጥር እነዚህም መገልበጥ አለባቸው። ይሁን እንጂ በብረቱ ውስጥ የቀረ ካርቦን፣ ሌላ ባዕድ ነገር፣ ወይም በመቀጥቀጥና በመቁረጥ የተፈጠረ ውጥረት መንገዳቸውን ያሰናክላል። ስለዚህ ወደ ኋላ ይዘገያሉ፤ የመዘግየታቸውም ዋጋ ሙቀት ሆኖ ይከፈላል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ አልፍሬድ ዩዊንግ በቶኪዮ ሲያስተምር፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ይህን ጠባይ መርምሮ፣ መዘግየትን ከሚገልጽ የግሪክ ቃል በመውሰድ ሂስተሪሲስ ብሎ ሰየመው።

በመሆኑም መልካም የሚባለው ለስላሳ መግነጢሳዊ ቁስ ገራም ብረት ነው። በጥቂት ኮረንቲ ብዙ መግነጢስ ይሸከማል፤ ሲያዞሩትም ሳያንገራግር ይዞራል።

ከዓባይ እስከ ምጣድ

እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 በአንድ የብረት ቀለበት ሁለት ጎን ሁለት ጥቅል ሽቦዎችን አድርጎ፣ በአንደኛው ያለው ኮረንቲ ሲበራና ሲጠፋ በሁለተኛው ውስጥ ኮረንቲ እንደሚቀሰቀስ አሳየ። ሁለቱ ጥቅሎች በሽቦ አልተገናኙም፤ ያገናኛቸው ብረቱ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 ደግሞ በቡዳፔስት የጋንዝ ፋብሪካ መሐንዲሶች ዴሪ፣ ብላቲና ዚፐርኖቭስኪ ይህንኑ መሠረት ይዘው፣ ዝግ የብረት እምብርት ያለውን ትራንስፎርመር ለሥራ አበቁ። ኤሌክትሪክ ከምንጩ ርቆ ለመጓዝ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህ የብረት ድልድይ ዛሬ በኢትዮጵያ ስንት ጊዜ እንደሚሻገሩት መቁጠር ያስተምራል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የዓባይ ውኃ ተርባይኑን ሲያሽከረክር ኤሌክትሪኩ የሚወለደው በጄኔሬተሩ ውስጥ፣ ከስስ ላሜራ በተሠራ ግዙፍ የብረት ቀለበት ላይ በተሰካው መዳብ ነው። ያ ብረት አንደኛው ድልድይ ነው። ከዚያ በትራንስፎርመር ወደ 500 ኪሎ ቮልት ከፍ ይላል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። መስመሩ በዴዴሳ በኩል አድርጎ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደምትገኘው ሆለታ ሲደርስ ዝቅ ይደረጋል። ቀጥሎም በከተማው ዙሪያ ባሉት ማከፋፈያ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ 15 ኪሎ ቮልት ይሆናል። በመጨረሻ በመንደሩ ምሰሶ ላይ፣ መብራትና ምጣድ ወደሚችሉት መጠን ይወርዳል። እንግዲህ በአየር ጤና ወይም በቤተል አንዲት እናት የምትጋግርበት ኤሌክትሪክ ምጣዷን ሳያሞቅ በፊት ቢያንስ አምስት ጊዜ በብረት ውስጥ ተሻግሯል።

ክፍለ ከተማው ራሱም ተቀባይ ብቻ አይደለም። በረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው የቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። የውኃው ኃይል በእንፋሎት መተካቱ የብረቱን ሥራ አይለውጠውም። የእንፋሎት ተርባይን የሚያዞረው ጄኔሬተርም የላሜራ እምብርት አለው፤ ያመነጨውም ኤሌክትሪክ ወደ መረቡ የሚገባው በትራንስፎርመር በኩል ነው። በዚህ ዓይነት ጣቢያዎች ከአመዱ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት ለመልቀም የሚያገለግለው ኤሌክትሮማግኔትም ቢሆን ልቡ ለስላሳ ብረት ነው። ኮረንቲ ሲሰጠው ያነሣል፤ ሲነፈገው ይጥላል።

ሁለቱ ጠላቶችና መከላከያዎቻቸው

በተለዋዋጭ ኮረንቲ በሚሠራ ብረት ውስጥ ኃይል በሁለት ዋና መንገዶች ይባክናል። የመጀመሪያው ከላይ የተገለጸው መዘግየት ነው። ሁለተኛው የአዙሪት ኮረንቲ ይባላል። ብረት ራሱ ኮረንቲ አስተላላፊ ስለ ሆነ፣ የሚለዋወጠው መግነጢስ በመዳቡ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በብረቱም ሆድ ውስጥ ኮረንቲ ይቀሰቅሳል። ይህ ኮረንቲ፣ ደራሽ ውኃ በሰፊ ወንዝ ውስጥ አዙሪት እንደሚሠራ፣ በብረቱ ውስጥ እየተሽከረከረ ያሞቀዋል፤ ለማንም ግን አይጠቅምም።

መሐንዲሶች ይህን የተከላከሉት ገበሬ ዳገትን በሚጠብቅበት ብልሃት ነው። ሰፊ ዳገት ላይ የወረደ ዝናብ ጉልበት አግኝቶ አፈሩን ይጠርጋል፤ ዳገቱ በእርከን ከተከፋፈለ ግን ውኃው በየደረጃው ይገታል። ብረቱም አንድ ወጥ ድንጋይ መሆኑ ቀርቶ፣ ፊታቸው ኮረንቲ በማያስተላልፍ ስስ ልባስ በተቀቡ ላሜራዎች ተከፋፈለ። አዙሪቱ በእያንዳንዱ ላሜራ ውስጥ ብቻ እንዲወሰን ተገደደ። ከዚህ ብልሃት የሚገኘው ጥቅም ከፍ ያለ ነው፤ ይኸውም የላሜራው ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ በአዙሪት የሚባክነው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። በአንጻሩ የኮረንቲው ድግግሞሽ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛው መከላከያ በብረቱ ቅይጥ ውስጥ ነው። በእንግሊዝ ሮበርት ሃድፊልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ፣ በብረት ላይ ጥቂት ሲሊኮን ቢጨመር መግነጢሳዊ ጠባዩ እንደሚሻሻል ገለጹ። 3 በመቶ ያህል ሲሊኮን ያለው ብረት ኮረንቲን የሚቋቋመው ከንጹሕ ብረት አራት አምስት እጥፍ በላቀ መጠን ነው። ስለዚህ አዙሪቱ ይዳከማል። ሲሊኮኑ እጅግ ከበዛ ግን ብረቱ ተሰባሪ ሆኖ በላሜራ መልክ ለመዳመጥ ያስቸግራል።

ሦስተኛው እርምጃ የአሜሪካዊው ኖርማን ጎስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴው፣ ብረቱን በቅዝቃዜ በመዳመጥና በእሳት በማብሰል፣ የብረቱ ቅንጣቶች በአንድ አቅጣጫ እንዲሰለፉ አደረገ። ይህ ብረት በተዳመጠበት አቅጣጫ ገራም ሲሆን በአግድሙ እምቢተኛ ነው። ስለዚህ መግነጢሱ ሁልጊዜ በአንድ መሥመር ለሚመላለስበት ትራንስፎርመር ተስማሚ ሆነ። መግነጢሱ እየዞረ ለሚሄድበት ሞተርና ጄኔሬተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅንጣቶቹ በየአቅጣጫው የተበተኑት ብረት ይመረጣል። የትራንስፎርመር ላሜራ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ0.23 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሞተሩ ከ0.35 እስከ 0.65 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አሞርፈስ፣ ማለትም ሥርዓት ያለው የቅንጣት አደራደር የሌለው ብረት መጣ። የቀለጠው ቅይጥ በሚሽከረከር ቀዝቃዛ ጎማ ላይ ተረጭቶ፣ በሰከንድ ወደ ሚሊዮን ዲግሪ በሚጠጋ ፍጥነት ይቀዘቅዛል። ቅንጣቶቹ ለመደርደር ጊዜ ሳያገኙ ይደርቃሉ፤ የሚገኘውም ጥብጣብ 0.025 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ውፍረት አለው። እጅግ ስስ በመሆኑና የሚያሰናክል የቅንጣት ወሰን ስለሌለበት ብክነቱ በጣም ዝቅተኛ ነው። ይሁንና ጉድለት አያጣውም። በመግነጢስ የሚጠግበው ከሲሊኮን ብረት ቀድሞ ነው፤ ይኸውም ሲሊኮን ብረት 2 ቴስላ ያህል ሲሸከም አሞርፈሱ በ1.56 ቴስላ ይጠግባል። በዚህ የተነሣ እምብርቱ ገዘፍ ይላል። ከዚህም በላይ ተሰባሪ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

የማይተኛው ብክነት

እዚህ ላይ ለገዥዎችም ለነዳፊዎችም ዋና የሆነው ነገር ይመጣል። በትራንስፎርመር ውስጥ ሁለት ዓይነት ብክነት አለ። የመዳቡ ብክነት ጭነትን ተከትሎ ይመጣል። ምሽት ላይ ምጣዱና ምድጃው ሁሉ ሲለኮስ በጭነቱ ካሬ መጠን ይጨምራል፤ ሌሊት ይቀንሳል። የብረቱ ብክነት ግን ጭነት ኖረም አልኖረም፣ ትራንስፎርመሩ ከመስመር እስከ ተገናኘ ድረስ፣ ቀንና ሌሊት፣ በዓልና የሥራ ቀን ሳይለይ ይቀጥላል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ ብረቱም 8,760ውንም ሰዓት ያስከፍላል።

ለአብነት 315 ኬቪኤ ዐቅም ያለውን የማከፋፈያ ትራንስፎርመር መውሰድ ይቻላል። በቻይና ደረጃዎች መሠረት፣ የቀድሞው ኤስ9 የተባለው የሲሊኮን ብረት ዓይነት ያለ ጭነት 670 ዋት ያባክናል፤ ኤስ11 የተባለው የተሻሻለው ዓይነት 480 ዋት፤ ኤስቢኤች15 የተባለው የአሞርፈስ ዓይነት ደግሞ 170 ዋት። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት 500 ዋት ነው። ይህ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። በ8,760 ሰዓት ሲባዛ ግን በዓመት 4,380 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ ቤተሰብ 3.5 ኪሎ ዋት በሚስብ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ቢጋግር፣ በዓመት 728 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ በአንድ ትራንስፎርመር እምብርት ውስጥ ያለው ልዩነት ብቻ የስድስት ቤተሰብ የዓመት እንጀራ ይጋግራል ማለት ነው። ትራንስፎርመሩ 25 ዓመት ቢያገለግል ደግሞ ልዩነቱ 109,500 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል።

በኮልፌ አጠና ተራ አጠና የሚገዛ ሰው ቀጥ ማለቱንና ውፍረቱን አይቶ ይመርጣል፤ ዓይኑ ይበቃዋል። ትራንስፎርመር የሚገዛ ግን የእምብርቱን ጠባይ በዓይኑ ሊያየው አይችልም። ሁለት ትራንስፎርመሮች በቀለም፣ በቅርጽና በኬቪኤ አንድ ሆነው በብክነት ግን ሊራራቁ ይችላሉ። ስለዚህ በዋጋ ብቻ ማወዳደር በጨለማ እንደ መግዛት ነው። ተገቢው አሠራር፣ በየጨረታው ላይ የግዥው ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ በአገልግሎቱ ዘመን ሁሉ በብረቱና በመዳቡ የሚባክነው ኃይል በገንዘብ ተተምኖ እንዲደመር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህም ይበልጥ አጥብቆ፣ በገበያው ላይ የሚቀርቡ ትራንስፎርመሮች የማያልፉትን የብክነት ጣሪያ በሕግ ወስኗል።

ይህ ማለት ግን አሞርፈስ በሁሉም ስፍራ ይግባ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ቀን ባዶውን ለሚውል የገጠር ወይም የመኖሪያ መንደር ትራንስፎርመር የብረቱ ብክነት ይከብዳል፤ ስለዚህ ለገራሙ ብረት ተጨማሪ ዋጋ መክፈል ያዋጣል። ቀንና ሌሊት በሙሉ ጭነት ለሚሠራ ፋብሪካ ደግሞ መዳቡም እኩል ሊታሰብለት ይገባል። ምርጫው የሚወሰነው በስሌት ነው፤ ስሌቱም የሚጀምረው የመንደሩን የጭነት ጠባይ ለክቶ ከማወቅ ነው።

በወፍጮ ቤቱ

ስለ ትራንስፎርመር ግዥ የሚወስነው መሥሪያ ቤት ነው። የሞተርን ብረት ዕጣ የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ በመንደር ውስጥ ያለ ባለሙያ ነው። የወፍጮ ቤት ሞተር ሲቃጠል ባለቤቱ አዲስ ለመግዛት ዐቅሙ ስለማይፈቅድለት ወደ ሞተር ጥቅለላ ቤት ይወስደዋል። ይህ በራሱ መልካም ሥራ ነው። ሞተሩ በጥቂት ወጪ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ የአገርም የውጭ ምንዛሪ ይድናል። ችግሩ አሮጌው ሽቦ በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው።

ጥቅሉ በቫርኒሽ ስለ ተያዘ በቀላሉ አይወጣም። በመሆኑም ቫርኒሹ እንዲቃጠል ሞተሩ በግልጥ እሳት ላይ የሚጣድበት ወይም በጋዝ ነበልባል የሚለበለብበት ጊዜ አለ። መዳቡ ይለቃል፤ ሥራው ቀለለ ይባላል። ነገር ግን በላሜራዎቹ መካከል ያለው ስስ ልባስም አብሮ ይቃጠላል። ቀጥሎ የቀረው ሽቦ በመሮና በመዶሻ ሲመታ፣ ጥርሶቹም በሞረድ ሲሞረዱ፣ የላሜራዎቹ ጠርዝ እርስ በርሱ ይገናኛል። በዚህ ጊዜ እርከኑ ፈረሰ ማለት ነው። አዙሪቱ ከአንዱ ላሜራ ወደ ሌላው ተሻግሮ ይንሰራፋል። ሞተሩ ይሠራል፤ እህሉም ይፈጫል። ነገር ግን ከቀድሞው ይበልጥ ይሞቃል፤ ሙቀቱም አዲሱን ጥቅል ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል። ባለ ወፍጮውም ሞተሩን እንደገና ያስጠቀልላል፤ ጥፋቱንም በኮረንቲው ላይ ወይም በሽቦው ጥራት ላይ ይጥላል።

የጉዳቱን መጠን ለመገመት፣ የ15 ኪሎ ዋት ሞተር ብቃት ከ89 በመቶ ወደ 87 በመቶ ቢወርድ እንበል። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ ወፍጮ ይህ ወደ 930 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጨማሪ ፍጆታ ይሆናል። ይህም በየወሩ ከባለ ወፍጮው ኪስ፣ በመጨረሻም ከአስፈጪው መቀነት የሚወጣ ነው።

ይህ የማይቀር ዕጣ አይደለም። የአሜሪካና የብሪታንያ የሞተር ጠጋኞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት የጋራ ጥናት፣ በጥንቃቄ የተጠቀለለ ሞተር የቀድሞ ብቃቱን ጠብቆ ሊቆይ እንደሚችል በፈተና ተረጋግጧል። ጥንቃቄውም ከማንኛውም ጥቅለላ ቤት ዐቅም በላይ አይደለም።

አንደኛ፤ ሙቀቱ በብረቱ ላይ ተለክቶ ከ370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ መጠበቅ ነው። ለዚህ ሙቀቱ የሚቆጣጠሩት ምድጃ የተሻለ ነው። መለኪያ በሌለበትም አንድ ምልክት አለ፤ ብረት በጨለማ ቀይ ሆኖ መታየት የሚጀምረው ከ500 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ የሞተሩ ብረት ከቀላ ልኩ ካለፈ ቆይቷል።

ሁለተኛ፤ ሽቦው ከመውጣቱ በፊትና ከወጣ በኋላ እምብርቱን መፈተን ነው። ጥቂት ዙር የታሸገ ኬብል በሞተሩ ቀዳዳ አሳልፎ በብረቱ ጀርባ መጠምጠም፣ የተሰላ ተለዋዋጭ ኮረንቲ መስጠት፣ የሚባክነውንም ኃይል በዋት መለኪያ ማንበብ ይበቃል። ንባቡ ከ20 በመቶ በላይ ከጨመረ እምብርቱ ሳይመረመርና ሳይታከም አዲስ መዳብ ሊለብስ አይገባውም። ከብረቱ አንዱ ስፍራ ለብቻው የሚሞቅ ከሆነም በዚያ ላይ ላሜራዎቹ ተያይዘዋል ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ሞረድንና መዶሻን በጥርሶቹ ላይ ከመጠቀም መቆጠብ ነው።

ከባቡር እስከ ስልክ

የብረቱ አገልግሎት በምሰሶና በወፍጮ አያበቃም። ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር፣ በ750 ቮልት ቀጥታ ኮረንቲ ይሄዳል። ይህም ኮረንቲ ቀጥታ ከመሆኑ በፊት በትራንስፎርመር እምብርት ውስጥ ያልፋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በየመንገዱ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም በሞተራቸው ውስጥ እጅግ የሳሳ የሲሊኮን ብረት ይዘዋል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር የኮረንቲው ድግግሞሽ በሰከንድ ብዙ መቶ ዙር ስለሚደርስ፣ ላሜራው ሳስቶ ካልተሠራ አዙሪቱ ይበረታል። እነዚህ መኪናዎች ሲያረጁ ሞተራቸውን የሚጠግነው ሰው ስለ ብረቱ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከወፍጮው ጠጋኝ ይበልጥ እንጂ አያንስም።

የስልክ ባትሪ መሙያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቁስ ይፈልጋል። በውስጡ ኮረንቲው በሰከንድ በዐሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ስለሚገላበጥ የትኛውም ተራ ላሜራ አይችለውም። ለዚህ የሚያገለግለው ፌራይት ነው። ይህ ከብረት ዝገት ጋር ማንጋኒዝና ዚንክን ከመሳሰሉ ማዕድናት ተደባልቆ፣ እንደ ሸክላ በእሳት የሚተኰስ ጥቁር ቁስ ነው። በኔዘርላንድስ የፊሊፕስ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ስኑክ የተባለው ሊቅ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአገልግሎት አበቃው። እንደ ሸክላ ኮረንቲን በእጅጉ ስለሚቋቋም አዙሪት በውስጡ አይበረታም። የሚሸከመው መግነጢስ ግን ከሲሊኮን ብረት ሩብ ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ለሁሉም ሥራ የሚሆን አንድ ብረት የለም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚስማማው አለ።

ምን ይደረግ?

የትራንስፎርመር ብረት የሚያመርቱ አገሮች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ፋብሪካውም ከፍ ያለ ካፒታልና የጠለቀ ሙያ ይጠይቃል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ይህን ብረት ለጊዜው ከውጭ እያስገባች ትቀጥላለች። ነገር ግን የሚገባውን ብረት ማወቅ፣ መለካትና መንከባከብ ፋብሪካ እስኪቆም የሚጠብቅ ሥራ አይደለም።

በቅድሚያ፣ በየቴክኒክ ትምህርት ቤቱ የሞተር ጥቅለላ ሲሰጥ የመዳቡ ዙርና ውፍረት ብቻ ሳይሆን የእምብርቱም ፈተና አብሮ ሊሰጥ ይገባል። ዋት መለኪያና ጥቂት ሜትር ኬብል ለዚህ ይበቃሉ። በሁለተኛ ደረጃ፣ አዲስ የሚገቡ ትራንስፎርመሮች ከመሰቀላቸው በፊት ያለ ጭነት የሚያባክኑት ኃይል ተለክቶ፣ ሻጩ በወረቀት ከገለጸው ጋር ሊመሳከር ያስፈልጋል። ሳይለኩ መቀበል የማያዩትን ዕዳ መፈረም ነው። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከአገልግሎት ውጭ የሚሆኑ ትራንስፎርመሮች እምብርት እንደ ማንኛውም ውዳቂ ብረት ተመዝኖ መቅለጡ ሊታሰብበት ይገባል። ላሜራው በጥንቃቄ ከተፈታ ለስታቢላይዘርና ለአነስተኛ ትራንስፎርመር ሥራ ከተራ ላሜራ እጅግ የሚሻል ጥሬ ዕቃ ነው። ነገር ግን ሲቆረጥ ውጥረት ስለሚገባበት፣ ከፍ ላለ ሥራ ከመዋሉ በፊት አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ እንደገና ሊበስል ያስፈልገዋል። የአሮጌ ትራንስፎርመሮች ዘይትም ፒሲቢ የተባለውን መርዛም ንጥረ ነገር ሊይዝ ስለሚችል፣ ሳይመረመር በእጅ ሊነካ ወይም በሜዳ ሊፈስ አይገባም።

አንድ አገር ወንዝ ገድቦ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ሥራው በሪባን መቁረጥ አያበቃም። የመነጨው ኃይል እስከ መጨረሻው ምጣድና እስከ መጨረሻው ወፍጮ ድረስ በሚያልፍበት ብረት ሁሉ መጠበቅ አለበት። ይህ ጥበቃ ሐውልት የለውም፤ የሚታየውም በሞተር ጠቅላዩ የሙቀት መለኪያ፣ በጨረታ ኮሚቴው የስሌት ወረቀትና በመጋዘን ፈታሹ የዋት ንባብ ላይ ነው። ሥራው በአብዛኛው በዚህ ማኅበር አባላት እጅ ያለ ነው።

በኮልፌ ምሰሶ ላይ ያለው ድምፅ ዛሬም ሌሊት ይሰማል። ብረት እስካለና ኮረንቲ እስከተመላለሰ ድረስ ፈጽሞ አይጠፋም። ነገር ግን ለዚያ ትጋቱ ብረቱ በየሰዓቱ የሚቀበለው ደመወዝ 670 ዋት ይሁን 170፣ የሚወስነው የባለሙያው ምርጫ ነው።